ድርሰት በትምህርት ይገኛልን?
ስለ ቅኔ ቤት ሥርዐትና ስለ ዘመናዊው የደራስያን ጉባኤ

ድርሰት በተፈጥሮ የሚሰጥ ጸጋ ነው ወይስ በትምህርት የሚገኝ ሙያ? ይህ ጥያቄ በየዘመኑ የሚነሣ፥ ተነሥቶም በቶሎ የማይዘጋ ክርክር ነው። አንዳንዶች ባለቅኔ ከእናቱ ማኅፀን ባለቅኔ ሆኖ ይወለዳል እንጂ በመምህር እጅ አይሠራም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አንጥረኛው ወርቅ ማቅለጥን፥ ሸማኔው ድር ማድራትን ከቀደመው ባለሙያ እንደሚማር ሁሉ፥ ደራሲም ቃልን ከቃል ማጋጠምን ከቀደመው ደራሲ ይማራል ሲሉ ይመልሳሉ። ሁለቱም ወገኖች ለክርክራቸው ምስክር አያጡም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ክርክሩን በሐሳብ ብቻ ከማራዘም ይልቅ፥ ወደ ኋላ ተመልሰን ታሪኩን መመርመርን መረጥን። ስመ ጥር የሆኑ ደራስያን ወጣት ተማሪዎችን ሰብስበው የሚያስጽፉበት፥ የጻፉትንም የሚሰሙበትና የሚያርሙበት ጉባኤ ዛሬ በብዙ አገሮች ተስፋፍቶ ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን ልማድ ምዕራባውያን በቅርብ ዘመን ያወጡት ዐዲስ ነገር አድርጎ ይገምተዋል። ነገር ግን ስሙ ይለያይ እንጂ፥ ሥራው በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ በመጀመሪያ የራሳችንን፥ ቀጥሎ የሌላውን ተመልክተን፥ በመጨረሻ ለዛሬዎቹ ወጣቶቻችን የሚበጀውን ለማመልከት እንሞክራለን። የውጭ አገር ታሪክ ስንጠቅስ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የአገራችንን ስንጠቅስ በራሳችን አቈጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ልብ እንዲልልን እናሳስባለን።

የቅኔ ቤት ጉባኤ

የቅኔ አጀማመር በሊቃውንቱ ዘንድ በአንድ ቃል አይተረክም። አንዱ ወገን መነሻውን ከቅዱስ ያሬድ ያደርሰዋል፤ ሌላው ወገን ደግሞ የቅኔን ትምህርት አደራጅቶ ለተተኪ ያወረሰው ዮሐንስ ገብላዊ ነው፥ ከእርሱም በኋላ ዝናው በጎንጅ የገነነው ተዋነይ ተነሣ እያለ ዘመኑን በ15ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ያስቀምጠዋል። የትውፊቱ ዝርዝር እንደ ተራኪው ቢለያይም፥ በወሎ ዋድላ፥ በጎጃም ጎንጅና ዋሸራ የቅኔ ትምህርት ታላላቅ ቤቶች ሆነው መኖራቸውን ሁሉም ይስማማበታል። አንድ የቅኔ ሊቅ የማን ቤት እንደ ሆነ ሲጠየቅ፥ ከሦስቱ የአንዱን ስም መጥራቱ የተለመደ ነው።

ተማሪው ወደ ቅኔ ቤት የሚገባው ንባብ ለይቶ፥ ዳዊት ደግሞ፥ ብዙውን ጊዜም ዜማ ቀምሶ ነው። ከወላጆቹ ርቆ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከመንደር መንደር ቍራሽ እየለመነ ይማራል። የየመንደሩን ውሻ መከላከል፥ በጠባብ ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ተጨናንቆ ማደር የትምህርቱ አንድ ክፍል ያህል ነበር። ይህን ኑሮ ለማወቅ የሚሻ ሰው የአለቃ ለማ ኃይሉን መጽሐፈ ትዝታ ቢያነብብ ይጠቀማል፤ አለቃ ሲተርኩ ልጃቸው ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ ጽፎ ያቆየልን መጽሐፍ ነው።

ለያዝነው ነገር ዋናው ግን የተማሪው ችግር ሳይሆን የትምህርቱ አካሄድ ነው። ማታ ማታ የግእዝ ግሥ ከነእርባ ቅምሩ ይጠናል፤ አገባቡም ይነገራል። ይህ የቃል ስንቅ ነው። ስንቁን የያዘ ተማሪ ቀን ቀን ከጉባኤው ተነጥሎ ወደ ዱር፥ ወይም ወደ ወንዝ ዳር፥ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ይሄዳል፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፥ ራሱን ተከናንቦ፥ የራሱን ቅኔ ያስባል። ይህ ቈጠራ ይባላል። ቈጥሮ የጨረሰውን ይዞ ወደ መምህሩ ይመለስና በጓደኞቹ ፊት በቃሉ ያሰማል፤ ይህም ነገራ ይባላል። ተማሪው ብዙ እንደ ሆነ ጀማሪዎቹን የሚሰማ፥ ከእነርሱ ቀድሞ የበሰለ ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ይመደባል። እንግዲህ አንዱ እየተማረ ያስተምራል፤ እያስተማረም ይማራል ማለት ነው።

መምህሩም የተማሪያቸውን ሥራ ሰምተው የሚፈርዱ ዳኛ ብቻ አይደሉም። እርሳቸውም በጉባኤው መካከል ተቀምጠው፥ ተማሪዎቹ እየሰሙ፥ ዐዲስ ቅኔ ከአፋቸው ያወርዳሉ። ይህ ዘረፋ ይባላል። ቃሉ በጦር ሜዳ ምርኮን መውሰድ ማለት ሲሆን፥ በቅኔ ቤት ሐሳብን ከያለበት በድንገት አምጥቶ በግጥም መልክ ማቆም ሆኖ ይነገራል። ከዚያም የኔታ የዘረፉትን መልሰው ይፈቱታል፤ ሰሙ ይህ ነው፥ ወርቁ ያ ነው፥ ይህ ቃል ከዚህ የገባው ስለዚህ ነው እያሉ ያሳያሉ። ተማሪው የተሠራውን ቅኔ ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም በዐይኑ ያያል።

ሰምና ወርቅ የተባለውም ስያሜ ራሱ ከእጅ ሙያ የመጣ ነው። አንጥረኛው በመጀመሪያ የጌጡን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በለቀቀው ቦታ ቀልጦ የፈሰሰው ወርቅ ይገባል። እንደዚሁም የቅኔው ቃል በመጀመሪያ ለጆሮ የሚያሰማው ትርጓሜ አለ፤ ያ ሲገለጥ ከውስጡ ሌላው ይወጣል። እንግዲህ የቀደሙት ሊቃውንት ይህን ጥበብ ሲሰይሙ የመረጡት ምሳሌ የመላእክትን ሹክሹክታ ወይም የሕልምን ራእይ ሳይሆን የአንጥረኛን ዎርክሾፕ መሆኑ ብዙ የሚያስተምር ነው።

ትምህርቱ መሰላል አለው። ጀማሪው ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይነሣል፤ በእርሱ እጁ ሲፈታ ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚ በዝኁ ይወጣል፤ ከዚያም አምስት ቤት ወዳለው ወደ ዋዜማ፥ ስድስት ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ እያለ፥ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይዘልቃል። በመጀመሪያው ቀን መወድስ ተቀኝ ተብሎ የሚገደድ ተማሪ የለም። እንዲሁም መወድስ የደረሰ ሁሉ ጉባኤ ቃናውን ሳያውቅ የዘለለ አይደለም።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን አንድ ሕግ ነው። ቅኔ ዕለት ዕለት ዐዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም፤ የሌላውን ሰርቆ የሚያሰማም በጉባኤው ፊት ያፍራል። ከዜማ ቤት ተማሪ የሚፈለገው የተቀበለውን ሳያጓድል መመለስ ሲሆን፥ ከቅኔ ቤት ተማሪ ግን የሚጠበቀው ያልተቀበለውን መውለድ ነው። ነገሩ ሰምሮለት እንደ ሆነ «ይበል!» ይባላል፤ አልሰመረለት እንደ ሆነ ተመልሶ ይቈጥራል።

ሕዝቡ በዚህ ጥበብ ከመደነቁ የተነሣ የተማሪውን ብልሃት ለሌላ ነገር ሲሰጥ ይታያል፤ «አብሾ ቢጠጣ ነው እንጂ እንዴት እንዲህ ይላል!» የሚለው አነጋገር የዚህ ምልክት ነው። የቅኔ ቤቱ ሥርዐት ራሱ ግን በአብሾ አይታመንም፤ የሚታመነው በግሥ ጥናት፥ በቈጠራ፥ በነገራና በእርማት ነው። ጸጋ እንደሚያስፈልግ አይክድም፤ ጸጋ ያለውም ይሁን የሌለው ግን ያው አንድ መሰላል ይጠብቀዋል። የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ታሪክ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። ዐይነ ሥውር ሴት ሆነው፥ ሴት በቅኔ ቤት እምብዛም በማይታይበት ዘመን ከአባታቸው ተምረው፥ በጎጃም የታወቁ የቅኔ መምህር ለመሆን በቅተዋል።

በባሕር ማዶ የሆነው

አሁን ደግሞ ዐይናችንን ወደ ሌላው ዓለም እንመልስ። በአሜሪካ የአይኦዋ ዩኒቨርሲቲ በ1922 ከፍተኛ ዲግሪ የሚሹ ተማሪዎች በምርምር ጽሑፍ ፈንታ የፈጠራ ድርሰት እንዲያቀርቡ ፈቀደ። በ1936 ደግሞ በዊልበር ሽራም መሪነት የጸሐፍት ዎርክሾፕ የተባለው ክፍል ተቋቋመ። ከ1941 እስከ 1965 የመራው ባለቅኔው ፖል ኤንግል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተማሪዎቹ በወንዝ ዳር በተተከሉ የቆርቆሮ ሰፈር ቤቶች ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር። ስሟ በአጭር ልብ ወለድ የገነነው ፍላነሪ ኦኮነር በ1940ዎቹ ከዚያ ተምራለች፤ ከርት ቮኔጉትም በ1960ዎቹ አስተምሯል። በ1967 ኤንግልና ባለቤቱ ሆና የኖረችው ቻይናዊት ደራሲ ህዋሊንግ ንዬህ ከየአገሩ ደራስያንን የሚጋብዝ ዓለም አቀፍ ክፍል ጨመሩበት።

ዎርክሾፕ የሚለው ስም የእጅ ሥራ ቤት ማለት እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ እነርሱም እንደ እኛ ሊቃውንት ስሙን የወሰዱት ከባለ እጅ ነው። በዚያ የተለመደው አሠራር፥ የአንዱ ተማሪ ጽሑፍ ቀድሞ ለሁሉም ይታደልና፥ ሌሎቹ በክብ ተቀምጠው ሲነጋገሩበት ጸሐፊው ዝም ብሎ እንዲሰማ ማድረግ ነው። የሚገርመው ይህ ተቋም ራሱ ድርሰትን ማስተማር ይቻላል ብሎ አይመካም፤ ደራሲን ማበረታታት ግን ይቻላል ይላል። ይህም ክርክሩ በዚያም ቢሆን እንዳልተዘጋ ያሳያል።

አይኦዋ የጎለመሱ ሰዎች ቤት ነው። ደራስያን ወደ ታዳጊ ተማሪዎች መውረድ የጀመሩበትን ታሪክ ለማግኘት ወደ 1960ዎቹ እንመጣለን። በዚያ ዘመን በጥቂት ዓመታት ውስጥ፥ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ፥ በልዩ ልዩ ቦታ ደራስያን ወደ ወጣቶች ዘንድ ሄዱ።

በ1965 ነሐሴ ወር በሎስ አንጀለስ ከተማ ዋትስ በተባለው የጥቁሮች ሰፈር ታላቅ ሁከት ተነሥቶ ብዙ ቤት ተቃጠለ። ልብ ወለድና የፊልም ድርሰት በመጻፍ የታወቀው በድ ሹልበርግ ወደ ሰፈሩ ሄዶ የጽሕፈት ትምህርት እሰጣለሁ የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። በመጀመሪያ ሰሞን የመጣለት አልነበረም፤ እርሱ ግን መሄዱን አላቋረጠም። ቀስ በቀስ ወጣቶች ተሰበሰቡ፤ ሥራቸውም በ1967 «ከአመዱ ውስጥ» በሚል ርእስ ታትሞ ወጣ። ጉባኤው የሚሰበሰብበት ቤት በ1973 ቢቃጠልም፥ በእርሱ የተነሡት ድምፆች አልጠፉም።

በእንግሊዝ አገር ባለቅኔው ቴድ ሂውዝ በቢቢሲ ሬዲዮ ለተማሪዎች ስለ ግጥም አጻጻፍ ይናገር ነበር፤ ንግግሮቹም በ1967 በመጽሐፍ ታተሙ። በ1968 ደግሞ ጆን ፌርፋክስና ጆን ሞት የተባሉ ሁለት ባለቅኔዎች በዴቮን አውራጃ ጥቂት ወጣቶችን ሰብስበው ለጥቂት ቀናት አብረው ተቀመጡ። አርቮን የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው። ሂውዝ በመጀመሪያ ነገሩን ተጠራጥሮ ነበር፤ በእንግድነት ሄዶ የወጣቶቹን መለወጥ ካየ በኋላ ግን ዋና ደጋፊ ሆነ፤ ላም ባንክ የተባለውን የዮርክሻየር ቤቱንም በ1970ዎቹ ለጉባኤው አከራየ። አሠራሩም እንዲህ ነው። ዐሥራ ስድስት ያህል ተማሪዎች ከሁለት ደራስያን ጋር በአንድ ገጠራማ ቤት አምስት ቀን ያህል ይቀመጣሉ፤ በሳምንቱ አጋማሽ ሦስተኛ ደራሲ በእንግድነት መጥቶ ሥራውን ያነብባል፤ ምግቡን ተማሪዎቹ በየተራ ያበስላሉ። ጧት ይጽፋሉ፤ በመጨረሻው ምሽት የጻፉትን ያሰማሉ። ይህን የሚያነብብ የቅኔ ቤት ልጅ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ ከቤት ርቆ መቀመጥ፥ በኅብረት መብላት፥ ቀን መቍጠር፥ ማታ መንገር፥ እንግዳ ሊቅ ሲመጣ ማድመጥ ለእርሱ የልጅነት ኑሮው ነውና።

በኒው ዮርክ በ1967 የመምህራንና የጸሐፍት ማኅበር ተቋቋመ፤ ደራስያንን ወደ መደበኛ ተማሪ ቤቶች መላክ ጀመረ። ባለቅኔዋ ጁን ጆርዳን ከአንዲት መምህርት ጋር በብሩክሊን የቅዳሜ ጉባኤ መርታ የልጆቹን ግጥም በ1970 በመጽሐፍ አወጣች። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ግን የኬኔት ኮክ ሥራ ነው።

ኮክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረ ባለቅኔ ነው። በ1968 በማንሃተን 61ኛው የሕዝብ ተማሪ ቤት ገብቶ የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ግጥም ማስጻፍ ጀመረ። ከልጆቹ ብዙዎቹ የድሀ ቤተ ሰብ ልጆች ነበሩ። ግጥም ከባድና የሌላ ሰው ነገር መስሎ የሚታያቸውን ልጆች ኮክ በንድፈ ሐሳብ አላደከማቸውም። ቀላል፥ ግን የታወቀ ወሰን ያለው ሥራ ሰጣቸው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ አንድ መስመር እንዲጽፍ፥ መስመሩም በ«እመኛለሁ» እንዲጀምር አደረገ፤ መስመሮቹንም ሰብስቦ የክፍሉ ሁሉ አንድ ግጥም አድርጎ አነበበላቸው። ልጆቹ የራሳቸው ቃል ከሌላው ቃል ጋር ተጋጥሞ ግጥም ሲሆን በሰሙ ጊዜ ፍርሀታቸው ተሰበረ። ቀጥሎ ስለ ሕልም፥ ቀጥሎ ስለ ውሸት፥ ቀጥሎ ድሮ እንዲህ ነበርሁ አሁን ግን እንዲህ ነኝ በሚል መልክ አስጻፋቸው። ቤት መምታት ሐሳባቸውን እንዳያስራቸው ለጊዜው እንዲተዉት መከራቸው። ልምዱንም በ1970 «ምኞት፥ ውሸትና ሕልም» በሚል መጽሐፍ አሳተመ። በ1973 ባወጣው ሁለተኛው መጽሐፉ ደግሞ የታላላቅ ባለቅኔዎችን ሥራ ለልጆች እያነበበ፥ እነርሱም ያንን ተከትለው የራሳቸውን እንዲጽፉ እንዴት እንዳደረገ ገለጠ።

ኮክ ስለ ጉባኤ ቃና የሰማ ሰው አይመስለንም። ነገር ግን የደረሰበት ብልሃት ከቅኔ ቤት ብልሃት ጋር አንድ ነው። ለጀማሪ ሰፊ ሜዳ አትስጠው፤ ጠባብ በር ስጠው፤ በሩን ካለፈ በኋላ ሜዳውን ራሱ ያገኘዋል። በሁለት ቤት ቅኔ የሚጀምረው የዋሸራ ተማሪና በአንድ መስመር ምኞት የሚጀምረው የኒው ዮርክ ሕፃን በአንድ ሕግ ይመራሉ። ልዩነታቸውም መጠቀስ አለበት። የቅኔ ቤት ተማሪ ዓመታት የፈጀ የቋንቋ ስንቅ ይዞ ይነሣል፤ የኮክ ተማሪ የሚነሣው ባለው የልጅነት ቃል ብቻ ነው። ያኛው እርማቱ ጥብቅ ነው፤ ይኸኛው ማበረታታቱ ይበዛል። እኛ ለሁለቱም ቦታ እንሰጣለን። ፍርሀት ላለበት ማበረታታት፥ ድፍረት ላገኘ እርማት ይገባል።

በዘመናዊ ተማሪ ቤቶቻችን

የቅኔ ቤት ልማድ ወደ ዘመናዊው የአማርኛ ድርሰት መግባቱ አያጠራጥርም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ናቸው፤ የመጽሐፋቸው ዋና ሰው በዛብህም የዚያው ትምህርት ልጅ ነው። ይሁን እንጂ ዘመናዊው ተማሪ ቤት ሲስፋፋ የቅኔ ቤቱ ሥርዐት አብሮ አልገባም። የድርሰት ክፍለ ጊዜ ተመደበ፤ ተማሪው በተሰጠው ርእስ ጽፎ ያስረክባል፤ መምህሩ የፊደሉንና የሥርዐተ ነጥቡን ግድፈት በቀይ ቀለም አስምሮ ይመልሳል። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ቈጠራ ሳይኖር ነገራ፥ ዘረፋ ሳይኖር እርማት ሆነ። ተማሪው መምህሩ ሲጽፍ አያይም፤ ጓደኞቹም የጻፈውን አይሰሙም።

ይህ ጉድለት ለጊዜውም ቢሆን የተሞላበት አንድ መድረክ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች የራሳቸውን ግጥም በሕዝብ ፊት ያነብቡ፥ ይሸለሙም ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሀው ይናገራል» የተባለውን ግጥም አሰማ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኀይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም»ን አሰማ። እነዚህ ግጥሞች ወጣቱ ስለ ድሀው ኑሮና ስለ አገሩ ሁኔታ የሚናገርበት ልሳን እንዳለው ለሁሉም አሳወቁ። የአድማጭ ብዛትና የጭብጨባው ኀይል ወጣት ጸሐፊን እንዴት እንደሚያነሣሣ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። ነገር ግን የኮሌጅ ቀን መድረክ ነበር እንጂ ጉባኤ አልነበረም። የነገራው ቀን በዓመት አንድ ጊዜ ነበር፤ በመካከል ያለውን የቈጠራና የእርማት ጊዜ እያንዳንዱ ወጣት እንደ ዕድሉ ይወጣው ነበር።

ሁለቱን ወንዞች በአንድ ሰው ውስጥ ለማየት የሚፈልግ ወደ መንግሥቱ ለማ ይመለስ። አባቱ የቅኔ ሊቅ፥ ራሱ በአዲስ አበባና በለንደን የተማረ፥ ግጥሙንና «ጠልፎ በኪሴ»ን የመሳሰሉ ተውኔቶቹን ያሳተመ ደራሲ፥ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶችን የተውኔት ድርሰት ያስተማረ ሰው ነው። ባለቅኔው ደበበ ሰይፉም እንዲሁ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት አገልግሏል። ደራሲው ራሱ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ሲያስተምር፥ የቅኔ ቤቱ ሥርዐት በሱፍና በከረባት ተመልሶ መጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚያሳዝነው ይህ ዕድል ዩኒቨርሲቲ ለደረሱ ጥቂቶች የተወሰነ መሆኑ ነው። በክፍለ ሀገር ከተማ ወይም በገጠር ተማሪ ቤት ያለ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ መጽሐፍ የጻፈ ሰው በዐይኑ ሳያይ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችላል።

ስለ ጉዳቱም

ነገሩን በሚዛን ለመመልከት፥ ከደራሲ እግር ሥር መማር የሚያመጣውን ጉዳትም መግለጥ ተገቢ ነው። የመጀመሪያው የመምህር ጥላ ነው። ተማሪው መምህሩን ከማክበር የተነሣ የእርሱን ድምፅ ብቻ ይይዝና የራሱን ያጣል። የአይኦዋንና የመሰሎቹን ተመራቂዎች ሥራ ሁሉ አንድ ቅርጽ አለው እያሉ የሚወቅሱ ተቺዎች በአሜሪካ ብዙ ናቸው። በእኛም አገር ጆሮው የሠለጠነ ሰው ቅኔውን ሰምቶ ቤቱን ይለያል ይባላል። ቅኔ ቤት ለዚህ በሽታ ያበጀው መድኀኒት መዘዋወር ነው። ጠንካራ ተማሪ በአንድ መምህር አይወሰንም፤ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፥ ከጎንጅ ወደ ዋድላ እየዞረ ይቀጽላል። የአርቮን ሁለት መምህራንና አንድ እንግዳም የዚያው መድኀኒት ሌላ አቀማመም ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የእርማት ብርታት ነው። በብዙ ሰው ፊት የሚሰጥ ነቀፌታ ልቡ ያልጸናውን ልጅ ለዘለዓለም ዝም ሊያሰኘው ይችላል። በቅኔ ቤት ተማሪው የሚታረመው ግሡ ወይም አገባቡ ወይም ምሥጢሩ ስቶ ነውና፥ ስሕተቱ በስም ይታወቃል፤ የተሳሳተውም ነገ አርሞ ይመጣል። ስም የሌለው ነቀፌታ ግን፥ «አልጣመኝም» የሚለው ብቻ፥ የሚታረም ነገር አያሳይም። ስለዚህ እርማት የሚሰጥ ደራሲ የሚነቅፈውን ነገር በስሙ ለመጥራት መቻል አለበት።

ሦስተኛው በደራሲው ላይ የሚደርስ ነው። ሲያስተምር የሚውል ደራሲ የራሱን መጽሐፍ የሚጽፍበት ጊዜ ያጥረዋል። የቅኔ መምህር ግን በየዕለቱ በጉባኤው ፊት መዝረፍ ግዴታው ስለ ሆነ፥ ማስተማሩ ራሱ ከድርሰት አያርቀውም። የዘመኑ ደራሲም ተማሪዎቹን የሚያዝዘውን ሥራ አብሮ ቢሠራ፥ የጻፈውንም ቢያሰማቸው፥ እርሱም ይጠቀማል፤ ወጣቶቹም ታላቁ ሰው እንደሚሰርዝና እንደሚደልዝ አይተው ይጽናናሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ፥ ታሪኩ የሚሰጠን መልስ ይህ ነው። ጸጋን ማስተማር አይቻልም፤ ነገር ግን ጸጋ ያለው ሰው ጸጋውን የሚያገኝበትን ስፍራ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ስፍራውም ሕግ አለው። ደራሲው በተማሪው ፊት ይጻፍ፤ ተማሪው ከትንሽ ቅርጽ ይጀምር፤ ዕለት ዕለት የራሱ የሆነ ዐዲስ ነገር ያምጣ፤ በጓደኞቹ ፊት ያሰማ፤ የሚታረምለት በስሙ ተጠርቶ ይታረም፤ ከአንድ መምህርም ወደ ሌላ ይሻገር። ይህን ሁሉ አባቶቻችን ከደበሎና ከቍራሽ በቀር ሌላ ሀብት ሳይኖራቸው ሠርተውታል።

ዛሬ የቅኔ ቤቶች እንደ ቀድሞው በተማሪ የተሞሉ አይደሉም። በሌላ ወገን ደግሞ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ለመጻፍ የሚመኙ ወጣቶች በየተማሪ ቤቱ በዝተው ይገኛሉ። አንደኛው ጋ ሥርዐት አለ፥ ተማሪ አንሷል፤ ሌላው ጋ ተማሪ አለ፥ ሥርዐት ጎድሏል። የቅኔ መምህራን ባለፉ ቍጥር ከእነርሱ ጋር የሚያልፈው የግእዝ ግጥም ብቻ አይደለም፤ ድርሰትን ከሰው ወደ ሰው የማሻገር ብልሃትም አብሮ ያልፋል። የጠፋን መጽሐፍ ከሌላ ቅጂ መመለስ ይቻል ይሆናል፤ በእጅና በጆሮ ብቻ የሚወረስን ሙያ ግን አንድ ትውልድ ከዘለለው መልሶ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ ደራስያን በዓመት ጥቂት ቀን እንኳ ወደ ተማሪ ቤቶች፥ በተለይም ከዋና ከተማ ወደ ራቁት እንዲሄዱ፤ የተማሪ ቤት ሹማምንትም የድርሰትን ክፍለ ጊዜ ለነገራ እንዲከፍቱት፤ የአማርኛ መምህራን በአቅራቢያቸው ያለውን የቅኔ ሊቅ ጋብዘው አሠራሩን ለልጆቹ እንዲያሳዩአቸው እናሳስባለን። ለዚህ ትልቅ ሕንፃና ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ የዛፍ ጥላ፥ ዐሥር ያህል ተማሪዎችና የጻፈውን ለማሰማት፥ የተጻፈለትንም ለመስማት የማይሰለች አንድ ደራሲ ይበቃል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፥ ወጣቱም መጽሐፍ ለማሳተም ከመቸኰሉ በፊት ሁለት ቤቱን አሳምሮ ማቆምን ይማር፤ የሚያስተምረውም አይጣ።